ዝም የሚሉ ጀግኖች ነገር

ዛሬ ፖርታል 2 የሚባለውን ጌም እንደ አዲስ ጀመርኩት። መጀመሪያው ላይ ዊትሊ የሚባለው ሮቦት የምንጫወትባትን ዝምተኛ ጀግና ቼልን «እስቲ አፕል በይ» ይላታል፤ ስክሪኑም ለመናገር ይሄን ቁልፍ ተጫን ይላል፤ ስትጫኑት ግን ትዘላለች! ዊትሊ ሆዬ ጭንቅላቷ የተጎዳ ይመስለዋል። ዛሬም ብቻዬን ሳቅኩ።

የማይናገር ጀግና ታሪክ ይገድላል የሚሉ ሰዎች ይሄን ያዩት አይመስለኝም። ጌሙ ራሱ ዝምታውን ካወቀበትና ዙሪያዋ ያሉት እየለፈለፉ ካሟሉላት ምንም አይጎድልም። በፈረንጆች 2004 በወጣው ሃፍ ላይፍ 2 ላይም አሊክስ የምትባለው አጋሩ ዝምተኛውን ጀግና ጎርደንን ብዙ አታወራም አይደል ብላ ትነካካዋለች።

ሁሌ ይሠራል ግን አልልም። የ2008ቱን ዴድ ስፔስ ውሰዱት። ጀግናው አይዛክ ፍቅረኛውን ፍለጋ ነው የሄደው፣ ሰው ዙሪያውን እያለቀ ነው፣ እሱ ግን ከማቃሰትና ከመጮህ በቀር አንዲት ቃል አይወጣውም። ይሄን ጠግን፣ እዚያ ሂድ ይሉታል፣ ይሄዳል። ተላላኪ በሉት! ሐዘኑን እኔ ልገምትለት? በ2011 ሁለተኛው ክፍል ላይ አፉን ሲፈታ ነው ሰው የሆነልኝ። የመጀመሪያውን በ2023 እንደ አዲስ ሲሠሩትም አናገሩት፣ ደግ አደረጉ።