በስፌት መስመራችን የተነበበው ደብዳቤ

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የመስመር ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። በመስመሬ ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ደመወዝ ሲወጣ የቤት ኪራይ ከፍለው፣ ዕቁብ ጥለው፣ የተረፈችውን ለእናት ይልካሉ።

ጥቅምት 23 ቀን አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ይፈቅድ ከነበረው ሕግ፣ ተጠቃሚነት ልታስወጣ መሆኑ ተሰማ። የምንሰፋው ሸሚዝ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ስለሚገባ ነበር ገዢዎች ሐዋሳ ድረስ የመጡት። ውሳኔው በሁለት ወሩ፣ ታኅሣሥ 23፣ ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚከተል ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ኦርደር መመናመን የጀመረውም ቀኑ ሳይደርስ ነው። መጀመሪያ የትርፍ ሰዓት ሥራ ቀረ፤ ቀጥሎ ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹ ቆመው ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡበት ጊዜ መጣ። ሥራ ጠፍቶ ሰዓት መቁጠር ከሥራ ብዛት ይልቅ ያደክማል።

በሰርቪስ ላይ፣ በካንቲን፣ በመታጠቢያው በር ሁሉ ወሬው አንድ ነበር። «ድርድር ላይ ናቸው አሉ።» «ሁለት ወር ብንታገሥ ነው።» በመካከላቸው ኮሌታ የምትሰፋ፣ እጇ እጅግ ፈጣን የሆነች አንዲት ልጅ ነበረች። የወንጌል አማኝ ናት። አንድ ቀን ከአዳር ጸሎት መጥታ «ከገና በፊት ሁሉም እንደነበረው እንደሚሆን ጌታ ነግሮኛል» አለች። ቃሉ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መስመሩን አዳረሰ። እሷ ያመነችውን ነው የተናገረችው፤ የሚሰሟትም ቢሆኑ ተስፋ የራባቸው ናቸው። እኔን ያስፈራኝ የሚከተለው ነገር ነበር። ዕቁብ የደረሳት አንዷ ገንዘቡን ሳትነካ ለሚቀጥሉት ወራት የቤት ኪራይ ልታስቀምጠው ወሰነች፤ «ከገና በኋላ ወደ ሥራ እንመለስ የለ?» ብላ። ሌላዋ አጎቷ ይርጋለም ያገኘላትን ሥራ እምቢ አለች።

የማሽን መካኒካችን በዕድሜ ለሁላችንም አባት የሚሆን ሰው ነው። ዳዊት ከሥራ ልብሱ ኪስ አይለይም፤ ሰኞ ከአንድ እስከ ሠላሳ፣ ማክሰኞ ከሠላሳ አንድ እስከ ስድሳ እያለ የዕለቱን ሳያደርስ ምሳ አይቀምስም። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነበርና እሱና ኦርቶዶክሶቹ ልጆች ሽሮአቸውን፣ ሌሎቹም ያመጡትን ይዘው አንድ ጠረጴዛ ከበው ይበሉ ነበር። በጾሙ ወራት ነቢያቱን በተራ የማንበብ ልማድ አለው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ኤርምያስ ላይ ደርሷል።

ኮሌታ የምትሰፋዋ ልጅ የሰማችውን ለእሱም ነገረችው። ይከራከራታል ብዬ ስጠብቅ ማንኪያውን አስቀመጠና «አሜን፣ ልጄ። እግዚአብሔር እንዳልሽው ያድርግልን» አላት። ከዚያ ረጋ ብሎ ቀጠለ፦ «ኤርምያስም እንዲሁ ነው ያለው።»

መጽሐፍ ቅዱሷን ከቦርሳዋ አስወጣትና ምዕራፍ 28ን ራሷ እንድታነብ አደረጋት። ነቢዩ ሐናንያ በቤተ መቅደስ በሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ወደ ባቢሎን የተወሰደው ዕቃና የተማረከው ሕዝብ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳል ብሎ ይናገራል። ኤርምያስ ሲሰማ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ይላል፤ ሕዝቡ ቢመለስለት የሚጠላ ሰው አልነበረምና። የእግዚአብሔር ቃል ግን ሌላ ሆነ። በምዕራፍ 29 ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የላከው ደብዳቤ ጊዜው ሰባ ዓመት እንደሆነ ይነግራቸዋል። እስከዚያውስ? ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ ተጋቡ፣ ውለዱ፣ የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርሷም ጸልዩ።

«ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው ቃል በየቤቱ ግድግዳና በየካላንደሩ ላይ ተጽፎ እናየዋለን፤ እኔም ክፍሌ ውስጥ ነበረኝ። ያ ቃል የዚሁ ደብዳቤ ዐሥራ አንደኛ ቁጥር ነው። የተጻፈው ሥራና አገር ላጡ፣ ብዙዎቹም መመለሱን በዓይናቸው ለማያዩ ሰዎች ነው፤ «ትከሉ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ደረሳቸው። ተስፋውን ብቻ ነጥለን ስንይዘው ሰውን አስቀምጦ ያስጠብቀዋል። ከትእዛዙ ጋር ሲሆን ግን ጠዋት ተነሥቶ የሚሠራው ነገር ይሰጠዋል። ከእግዚአብሔር የሚመጣ መጽናናት በእኔ ሕይወት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የመጣው፤ ከሚሠራ ሥራ ጋር።

ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ጋሼ፣ እኛ ምን እንትከል?» አለች። መሬትም ገንዘብም የላቸውም። መካኒኩ ወደ እኔ ዞረና «እስኪ አለቃዬ፣ ሙሉ ሸሚዝ መስፋት የሚችል ከመካከላቸው ስንቱ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

አንድም አልነበረም። ፋብሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ኦፕሬተር የሚያውቀው የራሱን ሥራ ነው፤ ኮሌታ የሚሰፋ ኮሌታ፣ ኪስ የሚለጥፍ ኪስ፣ ቁልፍ የሚተክል ቁልፍ። ለዓመታት በቀን መቶዎች ሸሚዝ በእጃቸው አልፎ፣ ከፋብሪካው በር ሲወጡ አንዲት ሸሚዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መስፋት አይችሉም። ሥራ አስኪያጁን ፈቃድ ጠየቅሁ። ከመቁረጫ ክፍል የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅና ማሽኖቹ የሚቆሙበትን ሰዓት ፈቀደልን።

በቀሩት ሳምንታት ልጆቹ በየማሽኑ እየተዘዋወሩ እርስ በርሳቸው ተማማሩ። በጣም ያስቸገራቸው እጅጌ መግጠም ነበር። የእጅጌው አናት ከሚገጠምበት ቀዳዳ በጥቂቱ ይበልጣል፤ ትርፉን ሳይጨማደድ በጣት ጫፍ እየመገቡ፣ ፔዳሉን በቀስታ እየረገጡ ማስገባት ነው ጥበቡ። ኮሌታ ላይ ማንም የማይቀድማት ያቺ ልጅ እጅጌው ተጨማድዶ በተሠራ ቁጥር ትፈታዋለች፣ ትደግመዋለች። አንድ ከሰዓት ያለ አንዲት ሽብሽብ ገጥማ ስታነሣው መስመሩ በእልልታ ተናጋ። ዕቁቡ የደረሳት ልጅ በዚያው ሳምንት ገንዘቧን ይዛ ሄዳ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ገዛች፤ የመረጠላትም የጠገነላትም መካኒኩ ነው።

ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው፤ መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያዳነበት። ፈረቃ አቀያይሬ ሐዋሳ ገብርኤል ሄድን። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤልም የባቢሎን ምርኮኞች ናቸው፤ በአውራጃው አስተዳደር ላይ የተሾሙ፣ በባዕድ አገር ሥራቸውን በትጋት የሚሠሩ ሰዎች። በንጉሡ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ «ባያድነን» እንኳ ለምስሉ አንሰግድም አሉ። ይህ ቃል በዚያ ዓመት የገባኝን ያህል ከዚያ በፊት ገብቶኝ አያውቅም። ኮሌታ የምትሰፋዋን ልጅ በማግሥቱ ሳገኛት እሷም በጉባኤያቸው ዳንኤል 3ን ሲያነቡ ማደራቸውን ነገረችኝ።

ገና መጣ፤ የተባለው አልሆነም። ልጅቷ ስንብት የተሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ነበረች፣ ብዙዎቹም እንዲሁ። ያን ቀን አብረን አለቀስን። ስትጸልይ የሰማችው ምን እንደነበር ደጋግማ ስትጠይቀው መካኒኩ «ልብሽ ለጓደኞችሽ የተመኘውን ነው የሰማሽው፤ እግዚአብሔር ምኞትሽን አይንቀውም» አላት። ስሟን አንሥቶ የተሳለቀባት አልነበረም፤ ለዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ በእንዲህ ያለ ቀን ተሰብሮ ከእምነቱ የሚወጣ ሰው አይቻለሁና።

ሁሉም አልተሳካላቸውም። አንዷ ወደ እናቷ ቤት ገብታ እርሻ ላይ ናት። አንዷ ዐረብ አገር ሄዳለች፤ ድምፅዋን ከሰማሁ ቆይቷል፣ በጸሎቴ አልረሳትም። ሲንጀር የገዛችው ልጅ ኮሌታ የምትሰፋዋን ይዛ የተከራዩት ቤት በረንዳ ላይ ሥራ ጀመሩ፦ ቀዳዳ መጥቀም፣ ዚፕ መቀየር፣ ቀጥሎ የተማሪ ዩኒፎርም። አንዷ ኦርቶዶክስ፣ አንዷ ጴንጤ ናት፤ አንዷ ስትጾም ሌላዋ ለብቻዋ ትበላለች፣ ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ ግን አብረው አባታችን ሆይ ይላሉ።

እኔም ከጥቂት ወራት በኋላ ከፋብሪካው ወጥቼ አዲስ አበባ ገባሁ፤ አሁን የምሠራው ስፌት በማስተማር ነው። ለጀማሪዎች መጀመሪያ የማስተምረው ሙሉ ሸሚዝ ነው። ባለፈው ነሐሴ ልጆቹ ደውለው ነበር፤ ትምህርት ሊከፈት ሰሞን የዩኒፎርም ትእዛዝ በዝቶባቸው ሦስተኛ ሰው ሊቀጥሩ ያማክሩኛል። ይርጋለም የቀረባትን ሥራ እያሰበች እስካሁን የምትቆጨዋን ልጅ ስልክ ሰጠኋቸው።