ቪቲ በሚባለው አደገኛ የልብ ምት ውስጥ አንዱ ያወራል፣ ሌላው ይወድቃል፦ ሦስት ሳምንት የያዘኝ ጥያቄ

ትናንት ማታ አንድ ነገር ወለል ብሎ ታየኝ። ለብቻዬ ልይዘው ስላልቻልኩ ነው የምጽፍላችሁ።

መነሻውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያለ ፈቃዳችን ሰውነትን የሚመሩ ሁለት የነርቭ ክፍሎች አሉ። ሲምፓቴቲኩ ልብን ያፋጥናል፣ የደም ሥርን ያጠብባል። ፓራሲምፓቴቲኩ በቬገስ ነርቭ በኩል ያረጋጋል። ይህን በሁለት ቀን ጨረስኩት።

የያዘኝ ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ ነው፤ በአጭሩ ቪቲ፣ ማለትም ከልብ የታችኛው ክፍል የሚነሳ ፈጣን ምት። ሁለት ሰዎች ልባቸው በደቂቃ 180 በሚመታ ቪቲ ውስጥ ናቸው እንበል። አንዱ ቁጭ ብሎ ያወራል። ሌላው ራሱን ስቶ ዘፍ ይላል። ፍጥነቱ እኩል ነው። የልብ ጡንቻ ጥንካሬ ልዩነት እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ግን እሱ ብቻውን አልበቃኝም።

ልብ ከመጠን በላይ ሲፈጥን ለመሙላት ጊዜ ያጣል፤ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ቅንጅትም ይፈርሳል። የደም ግፊት ይወርዳል። አንገት ላይ ባለው የካሮቲድ ሥርና ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር፣ በአኦርታ፣ ቅስት ያሉት ባሮሪሴፕተሮች (ግፊትን የሚለኩ የነርቭ ጫፎች) ውጥረታቸው ይላላል፣ መልእክታቸው ይቀንሳል፤ አንጎልም ሲምፓቴቲኩን ይለቀዋል። እስከዚህ ደህና ነው። ግን በዚያው ቅጽበት ደም ወደ ኋላ ስለሚጠራቀም በልብ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። እዚያ ያሉት ነርቮች ደግሞ «ሞልቷል፣ ቀንስ» ይላሉ። ታዲያ አንጎል የማንን ይሰማል?

በሰዎች ላይ ቀጭን የመርፌ ኤሌክትሮድ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ሲለካ፣ በቪቲ ጊዜ የሲምፓቴቲኩ እንቅስቃሴ ይጨምራል። የካሮቲዱና የአኦርታው ድምፅ ያይላል ማለት ነው። ይህን አንብቤም ጥያቄዬ አልተፈታም።

የፈታልኝ ወረቀትና እርሳስ ነው። አግድም መስመር አሰመርኩ፤ በሰከንድ ከፋፈልኩት። በመጀመሪያዎቹ ምቶች ግፊት ይወድቃል። ቬገስ በአንድ ምት ጊዜ ውስጥ እጁን ያነሳል። ግን ቬገስ በዋናነት የሚይዘው ሳይነስ ኖድን፣ የልብን መደበኛ ምት መሪ፣ ነው፤ አሁን ምቱን የሚመራው ደግሞ ታች ያለው ክፍል ነው። ስለዚህ ያ ፈጣን እርዳታ ምንም አይፈይድም! የሚቀረው የደም ሥር መጥበብ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰከንዶች ይወስዳል። እርሳሴ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቆመ። ሰውየው ቆሞ ከነበረና ደሙ እግሩ ላይ ከወረደ፣ ወይም ሥሮቹ ቶሎ ካልጠበቡ፣ የሚወድቀው እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ምክሬ፦ ያንን ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ፣ «ይህ ያፋጥናል፣ ያ ያዘገያል» የሚለውን፣ አትሸምድዱት። ጊዜን ይደብቃል። እኔ በሽምደዳ ምክንያት «በአደገኛ ምት ጊዜ ሲምፓቴቲክ ጠላት ነው» ብዬ ለጓደኛዬ አስረድቻታለሁ። ዛሬ ጠዋት ደውዬ አረምኩት። ግፊቱን ደግፎ የሚያቆየው እሱ ነው። በሌላ በኩል ምቱን ሊያቀጣጥል የሚችለውም እሱ ነው። ኤሌክትሪካል ስቶርም ላይ፣ ማለትም በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ አደገኛ ምት ሲነሳ፣ ምቱን ለማስተካከል የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሾክ ሕመምና ፍርሃት አድሬናሊን ይጨምራል፤ አድሬናሊኑም ምቱን መልሶ ይቀሰቅሳል። ቤታ ብሎከር (አድሬናሊን ልብ ላይ የሚሠራውን የሚያግድ መድኃኒት) እና ማረጋጊያ መድኃኒት የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ አልፎ ተርፎም አንገት ሥር ያለውን የሲምፓቴቲክ ነርቭ ቋጠሮ፣ ስቴሌት ጋንግሊዮንን፣ ማደንዘዝ አለ።

የመድኃኒቶቹን ክፍል ግን ስሸሽ ነው የከረምኩት፤ ስም ከመያዝ አላለፍኩም። ዛሬ ከመጀመሪያው መስመር በታች ሁለተኛ አስምሬያለሁ፤ ቤታ ብሎከር የቱ ሰከንድ ላይ እንደሚገባ በቀይ እያመለከትኩ ነው።