ባልዲው ውስጥ የሰመጠው ድንች

አራት ኪሎ፣ ከአንድ ካፌ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው የጀመርነው። ሥራችን በአትክልትና ፍራፍሬ ዘርፍ የገቡ ጀማሪ ወጣቶችን ይዞ ማሳደግ ነው። ከምርምር ማዕከላት የወጣውን ዕውቀት ገበያ ላይ እንዲያውሉት ማገዝ። ኢንኩቤሽን የሚባለው ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ዙር ሰባት ቡድን ተቀበልን። ሦስት ወር አሠለጠንናቸው። የቢዝነስ ፕላን አጻጻፍ፣ የሒሳብ አያያዝ፣ ባለሀብት ፊት ቀርቦ ማስረዳት፣ ምንም አላስቀረንም። መዝጊያው ላይ አዳራሽ ተከራየን፣ ሰርተፊኬት ሰጠን፣ ፎቶ ተነሣን። ከስድስት ወር በኋላ አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። አንዱ ቡድን ተበትኖ ሁሉም ተቀጥረዋል። ሁለቱ ስልክ አያነሱም። ሌሎቹ «እየሞከርን ነው» አሉኝ። የሚሸጥ ነገር በእጁ የነበረው አንድ ቡድን ብቻ ነው። ያ ቀን በጣም ከብዶኝ ነበር። ልጆቹ አምነውን ነው የመጡት።

የቀረው ቡድን ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ቀበና፣ እናታቸው ግቢ ውስጥ የድንች ቺፕስ ጠብሰው፣ በላስቲክ አሽገው ለሱቆች ያከፋፍላሉ። ሐሳባቸው ጥሩ ነበር። ገበያ ላይ የተገኘውን ድንች ከመልቀም፣ ዝርያው የታወቀ ድንች ከሆለታ አካባቢ ገበሬዎች በቀጥታ መግዛት። ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጃለኔ፣ ጉደኔ፣ በለጠ የሚባሉት የድንች ዝርያዎች የወጡት እዚያ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

ድንች የሚደርስበት ሰሞን ዋጋው ወረደ። ልጆቹም 20 ኩንታል ገዙ። የት ይቀመጥ ሲባል መላ ያልኩት እኔ ነኝ። የማውቀው ሥጋ ነጋዴ ማቀዝቀዣ ክፍል አለው፤ ጥጉን ተከራየንላቸው። 4 ዲግሪ ነው። «ብርድ ውስጥ አይበላሽም» አልኳቸው። እውነትም አልተበላሸም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ታናሽየው ደወለ። «እህቴ፣ ነይና እይው» አለኝ።

ሄድኩ። ታላቅየው ስስ ተደርጎ ከተከተፈው ድንች አንድ እፍኝ ዘይቱ ውስጥ ለቀቀ። ዘይቱ አረፋ ደፈቀ። ወትሮ አረፋው ሲሰክን ነው ቺፕሱ ወርቅማ ሆኖ የሚወጣው። አሁን ግን አረፋው ገና ሳይሰክን ጠርዙ ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎ መሐሉ። ሲወጣ የተቆላ ቡና ይመስላል። ቀመስኩት። ይመራል። እናትየው «ልጄ፣ ዘይቱ ነው እንጂ ድንቹማ ደህና ነው» አሉኝ። ዘይቱን ሁለት ጊዜ ቀይረውታል። ዘይት ስንት እንደሚገባ ታውቃላችሁ።

በዚያው ማታ፣ በሰው በሰው ስልካቸውን አፈላልጌ፣ አንድ አንጋፋ የድንች ተመራማሪ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ዘርዝሬ ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«የት ነው ያስቀመጣችሁት?»

«ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ነው ዶክተር። 4 ዲግሪ።»

«በቃ፣ ጣፍጦባችኋል» አሉኝ።

ድንች ብርድ ሲበረታበት ውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። ያ ስኳር የጋለ ዘይት ሲያገኘው ድንቹ ውስጥ ካሉት አሚኖ አሲዶች ጋር ተዋህዶ ይጠቁራል፣ ይመራል። ለወጥ ቢሆን ብዙም አይታወቅም። ለቺፕስ ግን ጉዳት ነው። ስለዚህ ለቺፕስ የሚሆን ድንች ከ8 ዲግሪ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ዶክተሩ መላውንም ነገሩኝ። ድንቹን አውጥቶ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ሁለት ሦስት ሳምንት ማቆየት፤ ስኳሩ በከፊል ይመለሳል። እንዳሉት አደረግን። ግማሽ ያህሉ ዳነ። የቀረው ለወጥ በርካሽ ተሸጠ።

እንቅልፍ የነሳኝ መልሱ ድሮም የነበረ መሆኑ ነው። ዶክተሩ ለመመለስ አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እኛ ሦስት ወር ሙሉ ስናሠለጥን፣ ድንች የሚጠብሱትን ልጆች ድንች ከሚያጠና ሰው ጋር አንድ ቀን እንኳ አላገናኘናቸውም።

ልጆቹ ቀጥሎ ያሰቡትም ሊያስከስራቸው ነበር። ሆለታ ሲሄዱ በየጎኑ ብርሃን የሚያስገባ፣ በመደርደሪያ የተሠራ የድንች ማከማቻ አይተዋል። «እንደዚያ እንሥራ» አሉ። ጥሩነቱ፣ አሁን የሚጠይቁት ሰው ነበራቸው። ያ ማከማቻ የዘር ድንች ነው። ዘር ድንች ብርሃን ሲያገኝ ቡቃያው አጭር፣ ጠንካራና አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲተከል አይሰበርም። የሚበላ ድንች ግን ብርሃን ካየ ልጡ አረንጓዴ ይሆናል፣ መርዛማ ንጥረ ነገርም ያበዛል። ለዘር ብርሃን፣ ለመብል ጨለማ። ይህቺን ብቻ ማወቅ ስንት ብር አዳነች።

አንድ ቅዳሜ ዶክተሩን ቀበና ወሰድኳቸው። የከፈልነው የታክሲ ብቻ ነው፤ ምሳ እናትየው ሠሩ። ከምሳ በፊት ባልዲ አስመጡ። 11 ኩባያ ውሃ፣ 1 ኩባያ ጨው። ጨው እስኪሟሟ በእጃቸው አማሰሉት። ከዚያ ከሁለት ጆንያ አንዳንድ ድንች አወጡና ጣል ጣል አደረጉ። አንዱ ጥልቅ ብሎ ባልዲው ሥር ተኛ። ሌላው ተንሳፈፈ። በዓይን ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው።

የሰመጠው ደረቅ ይዘቱ ከፍ ያለ ነው። የተንሳፈፈው ውሃ ይበዛዋል። ውሃ የበዛበት ድንች ሲጠበስ ውሃው ተንኖ ይወጣል፤ ከኪሎው የሚገኘው ቺፕስ ያንሳል፣ የሚመጠው ዘይትም ይበዛል። ታላቅየው ቁጭ ብሎ አሰላው። ትልቁ ወጪያቸው ዘይት ነው። ለአንድ ዓመት ያህል ትርፋችን የት ገባ እያሉ ሲጨቃጨቁ የኖሩት፣ ለካ ውሃ እየገዙ በዘይት ሲያተኑት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ድንች ሊገዙ ሲሄዱ ባልዲና ጨው ይዘው ነው። አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረ ጊዜ በእግር ይደርሱ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ሄደ፣ ቀጥሎ ወደ ኃይሌ ጋርመንት። አሁን መንገዱ ረጅም ነው፤ ሄዶ በባዶ መመለስ ያስከፍላል። መጀመሪያ ነጋዴው «ድንቄን ጨው ውስጥ ልትነክሩት?» ብሎ ተቆጥቷቸው ነበር። ዛሬ እሱ ራሱ ይደውላል። «የሚሰምጥ መጥቷል፣ ቶሎ ኑ» ይላቸዋል።

በሁለተኛው ዙር ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። የመጀመሪያው ወር ላይ ክፍል ውስጥ ምንም ትምህርት የለም። እያንዳንዱ ቡድን አሥር ገዢ ያናግራል። «ይህን ትገዙኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይፈቀድም፤ ሰው ይሉኝታ ይዞት «እሺ፣ ጥሩ ነው» ይላል። የሚጠየቀው «ባለፈው ሳምንት ከማን ገዛችሁ? ስንቱን ጣላችሁ? መቼ ከፈላችሁ?» ነው። ከዚያ የሰበሰቡትን ጥያቄ ይዘን ተመራማሪ እንፈልጋለን። ተመራማሪውን አዳራሽ አንጠራውም። ሥራው ያለበት ቦታ ድረስ እንወስደዋለን።

ተመራማሪዎቹ አይመጡም ብዬ ፈርቼ ነበር። መጡ። ሰው ዕድሜውን የሰጠበት ነገር ገበያ ውስጥ ሲሠራ ማየት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ በመጡ ቁጥር ለመሥሪያ ቤታቸው የምስጋና ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ሥራቸው በአብዛኛው የሚመዘነው ባወጡት ዝርያና ባሳተሙት ጽሑፍ ስለሆነ፣ ይህም እንዲቆጠርላቸው ብለን።

በዚህ ዙር አንዲት ልጅ የጡብና የአሸዋ ማቀዝቀዣ ይዛ መጣች። ይህ ሕንድ ውስጥ የተፈተሸ ዘዴ ነው፤ መብራት አይፈልግም። ሁለት የጡብ ግድግዳ ይሠራል፣ መሐሉ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት ይተዋል፣ ክፍተቱ በአሸዋ ይሞላል። አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አየሩ ሞቃትና ደረቅ ሲሆን ከ10 ዲግሪ በላይ ሊያበርድ ይችላል። ልጅቷ ለፒያሳና ለካዛንቺስ ጉልት ቸርቻሪዎች ልትሸጠው አስባለች።

አብሬያት ወጣሁ። ጎመንና ካሮት የሚሸጡ አንዲት እናት አዳመጧትና «የኔ ልጅ፣ እኔ መች የማሳድረው ዕቃ አለኝ?» አሏት። «ጎመኔን ማታ ጨርሼ ነው የምገባው። ውሃውስ? እኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው።» ልጅቷ ዝም አለች። ሌላዋ ደግሞ ሽንኩርት ያስቀምጥልኛል ወይ ብላ ጠየቀች። አያስቀምጥም፤ ሽንኩርት ደረቅ ቦታ ነው የሚወደው፣ እርጥበቱ ያበሰብሰዋል። ክረምት ሲገባስ? አየሩ ራሱ ውሃ ያዘለ ስለሚሆን ትነቱ ይቀንሳል፣ ሣጥኑም አያበርድም። የአዲስ አበባ አየር እንደሆነ ቀድሞውንም ብርድ ነው።

ለሳምንት ያህል ተክዛ ከረመች። ከዚያ ጥያቄውን እሷው አዞረችው። ሞቃትና ደረቅ የት ነው? ውሃስ የት አለ? ቲማቲም አይሱዙ እስኪመጣ ድረስ ፀሐይ የሚመታው የት ነው? መቂ። ስምጥ ሸለቆ ወርዳ ከሰብሳቢዎች ጋር ተነጋገረች። እዚያ አንድ ቀን ማቆየት ማለት ዋጋ መደራደር መቻል ነው፤ መኪናው ዘገየ ብሎ በወረደ ዋጋ አለመሸጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሣጥኖች እዚያ ሠራች፣ ተከፈላት። አሁን ቢሮዋ አራት ኪሎ፣ ሥራዋ መቂ ነው። እኔ በጣም የምኮራባት ልጅ ናት።

ሁሉም እንዲህ አላለቀም። ቲማቲም አድርቀው ለመሸጥ የመጡ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። 1 ኪሎ ደረቅ ለማግኘት እስከ 20 ኪሎ ጥሬ ይፈጃል። ጥሬው በ20 ብር ቢገዛ ለጥሬ ዕቃው ብቻ 400 ብር ወጣ ማለት ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የቲማቲም ዝርያዎች መካከል ለፋብሪካ የሚሆኑ፣ ሥጋቸው የወፈረ አሉ፤ መልካ ሳልሳ ስሙ ራሱ ይናገራል። በእሱ ሒሳቡ ትንሽ ይሻላል። የጎዳቸው ግን አከፋፈሉ ነው። አንድ ሱፐርማርኬት ዕቃውን ተቀብሎ ገንዘቡን ከሁለት ወር በኋላ ነው የሚከፍለው። ቲማቲም ነጋዴ ደግሞ ዱቤ አያውቅም። በስድስተኛው ሳምንት ለማቆም ወሰኑ። እኔ እንደ ሽንፈት አላየሁትም። የቤተሰብ ገንዘብ ሳይነኩ ነው ያቆሙት። ባለፈው ዙር ቢሆን አዳራሽ አቁመን አጨብጭበንላቸው፣ ከዚያ ዕዳ ውስጥ ይገቡ ነበር።

ለተመሳሳይ ሥራ ለምትነሱ ሁለት ነገር ልጨምር። ገንዘብ በአንድ ጊዜ አትስጡ። እኛ አሁን የምንሰጠው ለአንድ ሙከራ የሚበቃውን ብቻ ነው፤ የሙከራውን ውጤት ይዞ የመጣ ቀጣዩን ይወስዳል። ሁለተኛው ወረቀት ነው። የሚበላ ነገር የሚያሽግ ሰው የምግብ ፈቃዱንና የማሸጊያ ጽሑፉን ሥራው ሲደርስ ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት ይጀምር። ከምርምር ተቋም ጋር የሚደረገው ስምምነትም እንደዚያው። ማን ምን መጠቀም እንደሚችል፣ ለስንት ጊዜ፣ በጽሑፍ ይሁን። በቃል የተጀመረ መግባባት ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ደርሶብናል።

ወንድማማቾቹ በዚህ ዓመት እናታቸው ግቢ ውስጥ ማከማቻ ሠርተዋል። ጨለማ ነው። ሥሩና ጣሪያው ላይ ቀዳዳ አለው፤ ማታ ማታ ይከፈትና የቀበናን ብርድ ያስገባል፣ ጠዋት ይዘጋል። ማቀዝቀዣ ክፍል ያህል ረጅም ጊዜ አያቆይም። ከሁለት ሦስት ወር በላይ ከቆየ ድንቹ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ለክረምቱ የሚሆነው ድንች ጉዳይ ገና አልተፈታም፤ ከዶክተሩ ጋር እየተነጋገሩበት ነው። ታናሽየው ግን ቴርሞሜትር ገዝቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። በየጠዋቱ አንብቦ ቁጥሩን በስልክ ይልክልኛል። ሰላምታ የለ፣ ሌላ ቃል የለ። ዛሬ የላከልኝ 11 ነው።