የአርኬድ ሳጥን በደሴ፦ የጆይስቲክ ስዊች በወጥ ቤት ሚዛን ሲመረጥ

ለአርኬድ ሳጥን፣ ማለትም ሞኒተርና መጫወቻ ለተገጠመበት የጌም ሳጥን፣ ጆይስቲክ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዘንጉ አናት ላይ ያለውን ኳስ ቀለም ነው፤ ቀጥሎ ስሙን። ውስጥ ያሉት አራት ማይክሮስዊቾች፣ ዘንጉ ሲገፋ ቀጭ የሚሉት ትናንሽ ማብሪያዎች፣ ትዝ የሚሉት ዘንጉ ወደ ግራ ተገፍቶ ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች አልንቀሳቀስ ሲል ነው። ያኔ ደግሞ መለዋወጫው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ካለ። ስለዚህ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆናችሁ ሳጥን የምትሠሩ ከሆነ፣ ስዊቹን ነቅላችሁ ሌላ መተካት የምትችሉበትን ጆይስቲክ ግዙ።

የጃፓኑ ሳንዋ ጄኤልኤፍ ለእጅ የሚመች፣ ስሙም የሚገባው ጆይስቲክ ነው። ግን አራቱ ስዊቾች አንድ ሰሌዳ ላይ በሶልደር ተይዘዋል። አንዱ ሲሞት ወይ ሰሌዳው በሙሉ ይቀየራል፣ ወይ ሶልደር በደንብ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። በአሜሪካ አርኬዶች የተለመደውና የቻይና ርካሽ ቅጂዎቹም የሚከተሉት ዓይነት ግን አራት ለየብቻ የተቀመጡ ስዊቾች አሉት፤ ሽቦውም 4.8 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሶኬት ተሰክቶ የሚነቀል ነው። የስዊቹ ልክ ወደ 28 በ16 በ10 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይህ ልክ በብዙ የቤት ዕቃ ውስጥ አለ። የማይክሮዌቭ በር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስቱ ይገኛሉ። የጥገና ቤቶች ጥግ ላይ የተጣለ ማይክሮዌቭ ካለ ስዊቹን እንዲያወጡላችሁ ባለሙያውን ጠይቁ። ራሳችሁ ግን አትክፈቱት፤ ካፓሲተሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ኃይል ይይዛል። ስትቀበሉም እግሩን ቁጠሩ፤ ሁለት እግር ብቻ ያላቸው አሉ፣ ከእነሱም አንዳንዱ ለዚህ ሥራ የማይሆን ነው።

ስዊቹ ላይ 16 አምፔር ወይም 250 ቮልት የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ቁጥሩ ሲበልጥ ዕቃው የተሻለ ይመስለዋል። በጆይስቲክ ውስጥ የሚያልፈው 5 ቮልትና ከዚያ በታች፣ በሚሊ አምፔር የሚቆጠር ነው። የከባድ ስዊች መነካኪያ ከብር የተሠራ ነው፤ ብር ደግሞ ሳጥን ውስጥ የከረመ ድሪ እንደሚጠቁረው ይጠቁራል። ትልቅ ኃይል ሲያልፍበት ብልጭታው ጥቁረቱን ያቃጥለዋል፣ ትንሹ ግን አይችልም። ለዚህ ነው ወራት ሳይነካ የቆየ ጆይስቲክ በመጀመሪያው ቀን የሚያስቸግረው። ሠላሳ አርባ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ሲደረግ ብዙውን ጊዜ ይነቃል። መነካኪያው በወርቅ የተለበጠ፣ ለአነስተኛ ኃይል የተሠራ ስዊች ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ።

ከአምፔሩ ይልቅ እጅ የሚያውቀው ግራሙን ነው። ስዊቹ ቀጭ ለማለት ስንት ግራም ጫና እንደሚፈልግ ለማወቅ የዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ስዊቹን ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉት፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ቀስ እያላችሁ ተጫኑት፤ ቀጭ ባለበት ቅጽበት ሚዛኑ ያሳየው ቁጥር ነው። ከ50 እስከ 100 ግራም ያለው ለአብዛኛው ጨዋታ ጥሩ ነው። 200 አካባቢ የሚያሳይ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንጓ ያደክማል፣ ምክንያቱም የዘንጉ ሞላ ከላይ ይጨመርበታል። አራቱም ተቀራራቢ ይሁኑ። ሦስቱ 70 ሆነው አንዱ 150 ከሆነ ዘንጉ ወደ አንድ በኩል የደነዘዘ ይመስላል፤ ጥፋቱም ሞላው ላይ ይላከካል። ላዩ ላይ የብረት ምላስ ያለው ስዊች ለመጫን ይቀላል፣ ግን ምላሱ ሲጣመም ዘንጉ ሳይነካ ራሱ ተጭኖ ይቀራል። በእኛ ግምት ለልጆች ቤት ምላስ የሌለው ይሻላል።

ሽቦ ስታገናኙ ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርጉ። ከሦስቱ እግሮች የምትፈልጉት የጋራውንና ሲጫን ብቻ የሚገናኘውን ነው። ሳይጫን የሚጮኸውን ከያዛችሁ የስክሪኑ ተጫዋች ማሽኑ እንደበራ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይሮጣል። አንድ የሚያምታታ ነገር አለ፦ ዘንጉ መሃሉ ላይ ስለሚዞር ወደ ላይ ሲገፋ የታችኛው ጫፍ ወደ ተጫዋቹ ሆድ ይመጣል። ስለዚህ ለ«ላይ» የሚሆነው ስዊች ወደ ተጫዋቹ ያለው ነው። ግራና ቀኙም እንዲሁ ይገለበጣሉ።

ለሰያፍ እንቅስቃሴ ሁለት ስዊች አብሮ መጫን አለበት። ዘንጉን ቀስ ብላችሁ ወደ ማዕዘን ግፉና ጆሯችሁን አቅርቡ፤ ሁለቱ ቀጭታዎች ተከታትለው መሰማት አለባቸው። አንዱ ከዘገየ ከስዊቹ ጀርባ ከፕላስቲክ ካርድ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ አስገቡበት። እንደ ፓክማን (1980) ያሉ ጨዋታዎች ግን አራት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ በስምንት አቅጣጫ ዘንግ ሲጫወቷቸው መታጠፊያው ላይ ይደናቀፋሉ። የዘንጉን አቅጣጫ የሚገድበውን ከሥር ያለ ማገጃ ወደ አራት ማዞር የሚቻልበት ጆይስቲክ ይህን ችግር ያቃልላል።

አናጢነቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ለአንድ ተጫዋች ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ከ16 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ፣ በውጭ 48 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው የቢሮ 19 ኢንች ካሬ መሰል ሞኒተር ይገባዋል፤ ለሁለት ሰው ስፋቱ ከ65 አይነስ። አንድ ሙሉ ጣውላ፣ 122 በ244፣ በቂ ሆኖ ይተርፋል። የመጫወቻው ፊት ግን 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዘንጉ ያጥራል፤ 9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አድርጉና ከላይ ፎርማይካ ለጥፉ። የቁልፎቹ ቀዳዳ 30 ሚሊ ሜትር፣ ከመሃል እስከ መሃል 40። ከሁለቱም ወገን እየበሳችሁ ተገናኙ፣ አለዚያ ፎርማይካው ይሰነጠቃል። ቁልፎቹን በዳዶ የሚጠበቁ ግዙ፤ በፕላስቲክ ጥፍር ብቻ የሚይዙት ለስስ ላሜራ የተሠሩ ስለሆኑ እንጨቱ ላይ ይላቀቃሉ።

ጆይስቲኩን በቪቴ አትሰሩት። ጆተኒ ላይ ያደገ እጅ ዘንጉንም እንደ ጆተኒ ብረት ነው የሚጠመዝዘው፤ ቪቴው በሳምንት ይነቀላል። ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ 4 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ ሮንዴላና ዳዶ ይያዘው። የደሴ ክረምት ጉምና ርጥበት ደግሞ ኤምዲኤፉን ከተቆረጠበት ጠርዝ ይጀምረዋል፣ ስለዚህ ጠርዙን በውኃ በቀጠነ ኮላ ሁለት ጊዜ ቀብታችሁ፣ ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ከታሸ በኋላ ቀለሙን ድረቡ። ወለል ላይ የሚቆም ከሆነ የጎማ እግር አይቅር።

የጆይስቲኩንና የቁልፎቹን ሽቦ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው የዩኤስቢ ሰሌዳ ነው። ለሁለት ተጫዋች ሁለት አንድ ዓይነት ሰሌዳ የገዙ ሰዎች፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ የመጀመሪያው ተጫዋች ሁለተኛ ሆኖ ያገኙታል፤ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ያገኘውን አንደኛ ይለዋልና። የተለያየ ሥሪት ያላቸውን ሁለት ሰሌዳዎች፣ ወይም ሁለቱንም ተጫዋች የሚይዝ አንድ ሰሌዳ ውሰዱ። ለውስጡም ራስቤሪ ፓይ ከሚባለው አነስተኛ ኮምፒውተር ይልቅ ባትሪው ትንሽ የሚይዝ አሮጌ ላፕቶፕ እንመርጣለን፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ የፓዩ ሚሞሪ ካርድ ሊበላሽ ይችላል፣ ላፕቶፑ ግን በወጉ እስኪዘጋ ይታገሣል።