ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ስፓይናል ወይም ኤፒዱራል ሲሠራለት ሰዓቱን የምቆጥረው እንዲህ ነው

ስፓይናልና ኤፒዱራል ጀርባ ላይ በሚገባ መርፌ የታችኛውን አካል የሚያደነዝዙ ሰመመኖች ናቸው፤ የደም ማቅጠኛው ጊዜ ሳይሞላ ከተወጋ የደማው ረግቶ በአከርካሪው ውስጥ ያለውን ነርቭ ሊጫን ይችላል። ስለዚህ መርፌውን ከማስገባቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ የትኛው መድኃኒት፣ ስንት መጠን፣ መጨረሻ የተወሰደው መቼ። አደገኛው ሦስተኛው ነው። እኛ ጎጃም ውስጥ በሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ነው የምንሠራው፤ ሕመምተኛው በሀገራችን ሰዓት ይናገራል፣ ካርዱ ግን በፈረንጅ ሊጻፍ ይችላል።

ምሳሌ ልስጥ። ኢኖክሳፓሪን የሚባለው በመርፌ የሚሰጥ ደም ማቅጠኛ 40 ሚሊግራም ከምሽቱ 3 ሰዓት ተሰጥቶ ካርዱ ላይ «9:00» ተጻፈ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይህን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ያነበበ ባለሙያ 17 ሰዓት እንዳለፈ ያስባል፤ ያለፈው 11 ነው። ደም እንዳይረጋ ለሚሰጠው ለዚህ የመከላከያ መጠን የሚያስፈልገው ቢያንስ 12 ነውና ገና አልሞላም። «12 ሰዓት ይቆይ» የሚል ትእዛዝም እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተብሎ ሊነበብ ስለሚችል አልጽፈውም። የምጽፈው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጀርባው አይነካም» ብዬ ነው። ካርዱ ካላጠገበኝ አዳሯን ነርስ እጠይቃለሁ፤ ሕመምተኛዋንም «እናቴ፣ ሆድዎ ላይ የተወጉት እራት ሳይበሉ ነው ወይስ ከበሉ በኋላ?» እላለሁ።

ለሕክምና መጠን፣ ማለትም በኪሎ 1 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለሚወስድ፣ ሙሉ 24 ሰዓት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከዚህም በላይ ይቆያል፤ መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነውና። ሄፓሪን 5,000 ዩኒት ከቆዳ ሥር ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይበቃል። ከአራት ቀን በላይ ከወሰደ ግን ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ የደም ክፍሎች) ስንት እንደሆነ ሳላይ አልጀምርም።

ዋርፋሪን የሚበዛው የልብ ቫልቭ ችግር ባለባቸው ነው። አምስት ቀን ይቆማል ሲባል ያልተዋጠባቸው ቀኖች አምስት ይሁኑ ማለት ነው። ቀዶ ሕክምናው ሰኞ ከሆነ የመጨረሻዋ ኪኒን ማክሰኞ ማታ ናት። ቀኑ ቢሞላም አይኤንአር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ምርመራ) ወደ መደበኛው ካልወረደ መርፌ የለም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው በራሱ እንዲያቆም በፍጹም አልነግረውም፤ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ስለሚችል በመሀል ያለውን ጊዜ የልብ ሐኪሙ ይወስናል። ክሎፒዶግሬል ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ሪቫሮክሳባን ደግሞ 72 ሰዓት ይቆማል። አስፒሪን ብቻውን ከሆነ አያስቆመኝም።

ጊዜው ሳይሞላ የማይጠብቅ ቀዶ ሕክምና ከመጣ ሙሉ ሰመመን እሰጣለሁ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የኤፒዱራል ካቴተር፣ ማለትም መድኃኒት እንዲሰጥበት ጀርባ ውስጥ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው። ካቴተር ማውጣት መርፌ የማስገባት ያህል ያደማል። ስለዚህ ከመጨረሻው የኢኖክሳፓሪን መከላከያ መጠን 12 ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ካወጣሁ በኋላም ቢያንስ 4 ሰዓት ሳይሞላ ቀጣዩ አይሰጥም። ሰዓቱን ካቴተሩን በያዘው ፕላስተር ላይ ራሱ እጽፈዋለሁ።

ከዚያ በኋላ እግር ነው የማየው። «ጉልበትዎን አጥፈው ያሳዩኝ» እላለሁ፤ የተመለሰውንም በሰዓቱ እመዘግባለሁ። ተመልሶ የነበረ እግር እንደገና ከከበደ፣ ድንዛዜው ከሚጠበቀው በላይ ከቆየ፣ ጀርባ ድንገት ካመመ ወይም ሽንት ካስቸገረ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ በአከርካሪው ውስጥ ያለውን ነርቭ የተጫነ የረጋ ደም ነው። «መድኃኒቱ ገና አልለቀቀም ይሆናል» ብሎ መጠበቅ እግር ያሳጣል። ኤምአርአይና የነርቭ ቀዶ ሐኪም ይፈለጋል፤ እግሩ የመዳን ዕድሉ የተሻለው ድክመቱ በጀመረ 8 ሰዓት ውስጥ ከተከፈተ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ያውም የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ። ስለዚህ አምቡላንሱ ሳይነሣ ለተቀባዩ ሐኪም እደውላለሁ፤ በሪፈር ወረቀቱ አናት ላይም ድክመቱ የጀመረበትን ሰዓት «ከሌሊቱ» ወይም «ከቀኑ» ብዬ በፊደል እጽፋለሁ።