ሁለት በርሜል ናፍጣና አንዲት ቢጫ መብራት

ስልኬ የጮኸው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲል ነው። ሐምሌ 2011 ዓ.ም.፣ ሰመራ። የሰመራን ስድስት ሰዓት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ የመኪናህን በር በጨርቅ ካልያዝከው እጅህን ይልጠዋል።

«አለቃ፣ አንዲት ቢጫ መብራት በርታለች» አሉኝ ጋሼ።

ጋሼ የምንላቸው የፕሮጀክታችን አንጋፋ ሾፌር ናቸው። በዕድሜ ሃያ ዓመት ይበልጡኛል፤ የስምሪትና የጥገና ኃላፊ ስለሆንኩ ግን «አለቃ» ማለቱን አልተው ብለዋል።

«የምን መብራት?»

«እኔ እንጃ። የነዳጇ አይደለችም። ከሥሯ ጠብታ ጠብታ ነገር አላት።»

«መኪናዋስ እንዴት ናት?»

«ምንም አልሆነች። ትጎትታለች።»

«እንግዲያው ግዴለም፣ ቀስ ብለው ይምጡ። ማታ አያታለሁ።»

ይቺን «ግዴለም» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልናገር። መካኒክነት የተማርኩት ሽቦ በሌለበት ሞተር ላይ ነው። የድሮው ናፍጣ ሞተር ውኃ የገባበት ናፍጣ ቢጠጣ ሁለት ሦስቴ ያስነጥሰዋል፣ መንገድ ዳር ቆመህ ፊልትሮውን ታራግፋለህ፣ ከፖምፓው አየር ታስወጣለህ፣ ጉዞህን ትቀጥላለህ። ከዚያ ውጭ ቅያሜ የለውም። ፕሮጀክቱ ስድስት አዳዲስ ፒክአፕ ሲገዛ ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ፤ አራት ሲሊንደር፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ። «ያው ነው፣ ፕላስቲክ በዝቶበታል እንጂ» አልኩ። ያው አለመሆኑን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ጋሼ ከጭፍራ እየተመለሱ ነበር። ሚሌ ሲደርሱ ሻይ ጠጡ፤ መብራቷ አሁንም በርታለች። ከሚሌ ወጥተው ብዙም ሳይርቁ መኪናዋ ነጭ ጭስ ጀመረች፤ ቀጥሎ ሞተሩ በመዶሻ የሚቀጠቀጥ ይመስል «ቋ ቋ ቋ» አለ። ጋሼ ዳር ይዘው አጠፉት። ደግመው ሊያስነሱ ቢሞክሩ እምቢ አለ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በአይሱዙ ተጭና ግቢ ስትገባ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። ጋሼ ከአይሱዙው ወርደው ምንም አላሉኝም። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

ሰመራ ላይ የምችለውን ሞከርኩ። ፊልትሮ ቀየርኩ፣ አየር አስወጣሁ፣ ባትሪ ደገፍኩ። አልነሳም። ወደ 600 ኪሎ ሜትር ተጭና አዲስ አበባ ሄደች፣ እኔም ተከተልኩ።

የወሰድናት ኢንጀክተር፣ ማለት ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ዕቃ፣ እና ፖምፓ ብቻ የሚሠሩበት ትንሽ ቤት ነው። የምትሠራው ወጣት ሴት ናት፤ እጇ ላይ ጓንት፣ ጠረጴዛዋ ላይ አቧራ የሚባል የለም። ጋራዥ ሳይሆን ክሊኒክ የገባሁ መሰለኝ። መጀመሪያ ያደረገችው ከአራቱም ኢንጀክተሮች የመላሽ ቧንቧውን ነቅላ በቀጫጭን ጎማ ከአራት ብልቃጥ ጋር ማገናኘት ነበር። «ሞተሪኖውን ያዙሩልኝ» አለችኝ፤ ሞተሩን የሚያስነሳውን ማለቷ ነው። አዞርኩ። ሦስቱ ብልቃጦች ሥራቸው ብቻ ረጠበ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ያለው ግን ሽቅብ ሞላ። ሞተሩ ውስጥ ሊረጭ የሚገባው ናፍጣ በዚያ ኢንጀክተር በኩል ወደ ኋላ እየፈሰሰ ስለሆነ ግፊት ሊጠራቀም አልቻለም። አልነሳ ያለውም ለዚህ ነው።

ቀጥላ ከፖምፓው ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ፈታች፣ ውስጡን በነጭ ሶፍት ጠረገችና አሳየችኝ። ሶፍቱ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ።

«ይሄ ምን ይመስልዎታል?»

«ወርቅ» አልኳት፣ ልቀልድ ብዬ።

«ከወርቅም ይወደዳል። የፖምፓዎ ሆድ ነው።»

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ፤ እኔም፣ ሃያ ዓመት መፍቻ የያዝኩ ሰው፣ እንደ ተማሪ ሰማሁ። እነዚህ ኮመን ሬይል የሚባሉት ሞተሮች ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ከ1,600 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው፤ አንዳንዶቹ አዲሶች ከ2,000 ያልፋሉ። የጎማህ ነፋስ 2 ተኩል ባር ቢሆን ነው። ይህን ግፊት የሚያመርተው ፖምፓ ሌላ ዘይት የለውም፤ የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው። ውኃ ሲያልፍበት ብረት ከብረት ይፋጫል። የተፋቀው ደቃቅ ብረት ደግሞ ከፊልትሮው በኋላ ስለሆነ የሚያስቀረው የለም፤ በቀጥታ ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል። የኢንጀክተሩን ጫፍ በማጉያ መነጽር አሳየችኝ፦ ቀዳዳው ሁለት ፀጉር ጎን ለጎን ቢያልፍበት ነው። የሦስተኛው ጫፍ ተገምሷል። ውኃው እዚያ የጋለ ጫፍ ላይ ሲደርስ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታ ሲያጣ ብረቱን ይገምሳል። ሳይበተን እንደ ቧንቧ ውኃ የሚፈሰው ናፍጣ ነው እንግዲህ ያን «ቋ ቋ» ያመጣው።

«ሾፌርዎ ጎበዝ ናቸው» አለችኝ። «ትንሽ ቢገፉበት ኖሮ ፒስተኑ ይበሳ ነበር።»

ጎበዝስ ናቸው። ያቺ ቢጫ መብራት ናፍጣ ፊልትሮው ውስጥ ውኃ መጠራቀሙን የምትናገር ነበረች፤ እንደበራች ደውለውልኝ አልነበር!

«ናፍጣ ከየት ነው የምትቀዱት?» ስትለኝ ነው ጉዱ የታየኝ። በዚያ ሰሞን ማደያዎቹ አንድ ቀን ቢኖራቸው ሦስት ቀን የላቸውም። እኔም በተገኘ ቀን ሁለት በርሜል አስሞልቼ ግቢ አስቀመጥኩ። ቦታ እንዳይፈጁ ብዬ ያቆምኳቸው ራሴ ነኝ፤ ጥላ የለ፣ መሸፈኛ የለ። ያን ሳምንት ደግሞ ካርማው ጥሎ ነበር፤ አፋሮች የክረምቱን ዝናብ እንዲህ ነው የሚሉት።

በርሜል ይተነፍሳል። ቀን በፀሐይ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና በክዳኑ ጥርስ በኩል እየሾለከ ይወጣል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና የወጣውን ያህል መልሶ ይስባል። ክዳኑ ደረቅ ከሆነ የሚስበው አየር ነው። በርሜሉ አናት ላይ ግን ዙሪያውን ከንፈሩ ስለያዘው ሁለት ጣት የዝናብ ውኃ ተኝቶበት ከሆነ የሚስበው ያንን ነው። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ታስሮ ሁሉ ይስባል። የገባው ውኃ ከናፍጣ ይከብዳልና ሥር ይሰድዳል። የእጅ ፖምፓችን ቱቦ ጫፉ በርሜሉ ወለል ላይ ያረፈ ነው። ለመኪናዋ ከሁሉ በፊት ያጠጣናት ያንን ሥር የተኛውን ውኃ ነው ማለት ነው።

ሰመራ ተመልሼ ከሁለተኛው በርሜል ሥር በማርማላታ ብርጭቆ ቀዳሁ። ለሩብ ሰዓት አስቀምጬ ሳየው ከላይ ናፍጣ፣ ከታች ጥርት ያለ ውኃ፣ መሀላቸው ዝገት የመሰለ ቡናማ መስመር። ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

አዲስ አበባ ሳለሁ ሌላም ነገር ወጣ። ልጅቷ ከአየር ፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ጎማ ፈትታ ጣቴን እንዳስገባ ጋበዘችኝ። ጣቴ ዱቄት የመሰለ አፈር ይዞ ወጣ። ከፊልትሮው ወዲያ ማዶ! አየሩን ወደ ሞተሩ የሚገፉት የቱርቦው ምላጮችም ጠርዛቸው ተበልቷል። ይህ የሁለት በርሜል ሥራ አይደለም፤ የሁለት ዓመት ሥራ ነው። እኛ ፊልትሮ የምንቀይረው «ሲያልቅ» ነበር፤ እስከዚያው ከመስክ በተመለስን ቁጥር ጎሚስታ ቤት ወስደን በሙሉ ኃይል እናስነፋዋለን። አቧራው ሲቦን አይተን ደስ ይለናል። የሚነፋው ልጅ አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ ለጥፎ፣ ያውም ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ይለቅበታል። ወረቀቱ በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ተበሳስቶ ነው እንግዲህ የምንመልሰው። የበረሃ አፈር አሸዋ ነው፤ አሸዋ የሲሊንደሩንም፣ ፒስተኑን የሚከበውን የፋሻውንም ብረት ይፍቃል። ኃይል ሲቀንስ፣ ዘይት መጨመር ሲበዛ «ሞተሩ አረጀ» እንላለን። አላረጀም፤ በጽዳት ስም አሸዋ እያበላነው ነው።

ሂሳቡን እዚህ ዝርዝር ውስጥ አልከተውም። አራት ኢንጀክተር፣ ፖምፓ፣ የታንክና የቧንቧ እጥበት፣ ማስጫኛ ሁሉ ሲደመር ለስድስቱም መኪኖች ለዓመት ከተያዘው የጥገና በጀት ከግማሽ በላይ በላ። የሂሳብ ሹማችን ወረቀቱን ሦስቴ ገለበጠው። እሱ ራሱ ከዚያ በፊት «ፊልትሮ ገና አዲስ ነው፣ ይነፋ» እያለ የግዥ ጥያቄዬን ሲመልስብኝ የከረመ ሰው ነው። በእሱ ማሳበብ አማረኝ፤ ነገር ግን በርሜሎቹን ያቆምኩት እኔ፣ «ግዴለም» ያልኩትም እኔ።

ከዚያ ወዲህ በርሜሎቻችን ከዳስ ሥር በጎናቸው ይተኛሉ፤ ሁለቱ ክዳኖች ከወለሉ እኩል ከፍታ ላይ፣ ናፍጣው ከውስጥ እንዲሸፍናቸው ተደርጎ። ስንቀዳ ከአንድ ቀን በፊት እናቆመውና እናሳርፈዋለን፤ የፖምፓውን ቱቦ አንድ ስንዝር ቆረጥኩት፤ የመጨረሻው ስንዝር ለጄኔሬተርም አይሰጥም። መኪኖቹ ማታ ሲገቡ ታንካቸው ይሞላል፣ ባዶው ቦታ ሌሊቱን ላብ እንዳያልበው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት እያንዳንዱ ሾፌር ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ብሎን አላልቶ፣ ከላይ በእጅ እየገፋ፣ ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪወርድ በሃይላንድ ጠርሙስ ይቀበላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የአየር ፊልትሮ መንፋት ቀርቷል። የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ የመኪናዋ መመሪያ ለአቧራማ መንገድ ከመደበኛው ግማሹን ያዛል፣ እኛ የመደበኛውን መስመር ብቻ አንብበን ኖሯል።

ከሾፌሮቹ ጋር የተጣላሁት በሌላ ነገር ነው። ኃላፊዎች ስብሰባ ሲገቡ መኪናዋ ሁለት ሦስት ሰዓት በሚኒሞ፣ ማለት ሳትሄድ ሞተሯ እየሠራ፣ ቆማ ኤሲ ታበርዳለች። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይህን አያየውም፤ ሞተሩ ግን ያየዋል። በሚኒሞ ሞተሩ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ናፍጣው በደንብ አይነድም፤ ጥላሸቱ አየር መግቢያውን ይደፍናል፣ ያልነደደው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። «አጥፉ» አልኩ። ደግሞ ከረጅም ጉዞ ሲመለሱ ወዲያው እንዳያጠፉ አዘዝኩ፤ ቱርቦው በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ሲሽከረከር የነበረ ነው፣ ሞተሩ ከጠፋ ዘይት አይደርሰውም፤ ውስጡ የቀረው ዘይት በግለቱ ይከስላል። አንድ ሁለት ደቂቃ ይረፍ።

«አንዴ አጥፉ፣ አንዴ አታጥፉ፣ ይሄ ሰውዬ ፀሐይ መትቶታል» ሲሉኝ ሰምቻለሁ። በኤሲው ነገር እውነትም ነበራቸው፤ በዚያ ሙቀት ሰው በብረት ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ይጠብቅ አይባልም። መጨረሻ ላይ ቢሮው ጓሮ ጥላና ሁለት አግዳሚ ወንበር አሠራሁ፣ የውኃ ማቀዝቀዣም አስገባሁ። ክርክሩ በዚያው ቆመ። ቀድሞውኑ ክርክር ባያስፈልገው ጥሩ ነበር።

በዓመቱ፣ ያው በካርማ ወር፣ ጋሼ ደወሉ።

«አለቃ፣ ቆሜያለሁ።»

ልቤ ወረደ። «ምን ሆነው?»

«ምንም። ያቺ መብራት በራች፣ እኔም አጠፋሁ። ዱብቲ መገንጠያው ላይ ነኝ፣ ጥላ ሥር።»

አዲስ ፊልትሮ ይዤ በሌላ መኪና ሄድኩ። ስደርስ ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው፣ ብሎኗን አላልተው፣ ጨርሰው እጃቸውን በሳሙና እየታጠቡ ነው። ሃይላንዱ መሬት ላይ ቆሟል። አንስቼ ወደ ብርሃን ያዝኩት፤ ናፍጣው ሥር አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ውኃ እንደ ዶቃ ወዲያ ወዲህ ይንከባለላል። ፊልትሮውን ቀየርን፣ መብራቷ ጠፋች፣ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ውኃው ከየት እንደመጣ ለማወቅ በርሜሎቹን አየሁ፤ ንጹሕ ናቸው። ከአንዱ ማደያ ይሆናል።

ጠርሙሱን እጥላለሁ ስል ጋሼ ተቀበሉኝ። በማግስቱ የመለዋወጫ ፊልትሮ የግዥ ጥያቄ ይዤ ሂሳብ ክፍል ስገባ ጋሼ ቀድመውኛል። ሃይላንዱን ከነውኃው የሂሳብ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ፣ ማህተሙ አጠገብ፣ ገትረውታል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል ሰውዬው።

«አባሪ» አሉት ጋሼ።

ጠርሙሱን ትንሽ አየው፣ ከወረቀቶቹ ራቅ አደረገውና ፈረመ።