አንድ ካሬ ሜትር ሽቦ

«ከቆሻሻ የተሠራ ጥበብ!» ብሎ ማድነቅ በአሮጌ ሽቦና በኮምፒውተር ቁርጥራጭ ለሚሠራው ሠዓሊ ለኤልያስ ስሜ ሥራዎች ያንስባቸዋል። ዕቃው አሮጌ መሆኑ ብቻ ውበት ቢሰጥ ኖሮ መርካቶ ምናለሽ ተራ የተቆለለው ሽቦና ማዘርቦርድ (የኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ) ሁሉ እዚያው ሙዚየም ይሆን ነበር። «ታይትሮፕ» (የተወጠረ ገመድ) በተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቹ እንጨት ላይ የተነጠፈው ሽቦ ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ መሬት ይመስላል፤ ሲጠጉት የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ነው። ይህን ያመጣው መለየት፣ መጎንጎንና መደጋገም ነው።

ድካሙን ለመገመት አንድ የኔትወርክ ኬብል ግፈፉ። ውስጡ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ 8 ሽቦዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ከነፕላስቲኩ 1 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። ስለዚህ 1 ካሬ ሜትር ሰሌዳ ጎን ለጎን በተደረደረ ሽቦ ለመሸፈን 1,000 ሜትር ሽቦ፣ ማለትም 125 ሜትር ኬብል ይፈጃል። ከተጎነጎነ ርዝመቱ ስለሚያጥር ከዚያም ይበልጣል። ደግሞ ከስምንቱ አራቱ ነጭ መደብ ያላቸው ናቸው፤ የቀሩት ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ። ቀይና ቢጫ ከፈለጋችሁ ከቤት መስመር ሽቦ ነው የሚገኘው። መዳብ ፈላጊዎች ፕላስቲኩን ስለሚያቃጥሉት ቀለም ፈላጊው ቀድሟቸው መድረስ አለበት።

መሞከር ለሚፈልግ 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ባለ 12 ሚሊሜትር ፕላይውድ ይበቃል። 90 ሜትር ሽቦ ይወስዳል፤ የሚበላሸውን ጨምራችሁ 15 ሜትር ኬብል ያዙ። ጥንዶቹን ፍቱና አንዱን ጫፍ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ሌላውን በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ጥምዝምዙ ካልወጣለት ረድፉ ይንጋደዳል፣ ከልክ በላይ ከተሳበ ደግሞ መዳቡ ይበጠሳል። ሙጫ አትመኑ። የእነዚህ ሽቦዎች ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊኢትሊን ስለሆነ ሙጫ አይዘውም፤ ዛሬ ቢጣበቅም በኋላ ይላቀቃል። ከፕላይውዱ ጀርባ እንዳይወጣ ባለ 10 ሚሊሜትር ሚስማር ምቱና ሽቦውን ጫፍ ላይ ጠምዝዙበት። መሀል ላይም በየ5 ሴንቲሜትሩ ያዝ አድርጉት።

ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚገድለው ግን ቀለም ነው። ሁሉንም ቀለም እየቀላቀሉ መደርደር በቅርብ ደስ ይላል፤ 3 ሜትር ርቃችሁ ስታዩት ግን ዓይን 1 ሚሊሜትሩን መስመር መለየት ስለሚያቅተው ሁሉም ዳማ ይሆናል። አንድ ቀለም ከሩቅ እንዲታይ ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ስፋት ስጡት። ለኔ የኤልያስ ብልሃት ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው፤ የት ላይ እንደሚያደባልቅና የት ላይ እንደሚለያይ ያውቃል።

ማዘርቦርድ መጨመር የሚፈልግ ባትሪውን ቀድሞ ያውጣ። ሲቆረጥ የሚወጣው ቀጫጭን የመስታወት ክር ያለበት ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ የድሮ ቦርድ ብየዳ ደግሞ እርሳስ አለበት። ጭምብል አድርጉ፣ ደጅ ላይ ቁረጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ።

ሲሰቀል ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ፊት ለፊት የተተኮረ መብራት ከፍታና ዝቅታውን ያጠፋዋል። ኤልያስ ከዓውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተውና በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ መካኒሳ የተከፈተው ዞማ ሙዚየምም እንዲሁ ነው፤ የጭቃና የጭድ ግድግዳው ላይ የወጣው ቅርጽ ጠዋትና ወደ ማታ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ይጎላል፣ ቀትር ላይ ግን ይደበዝዛል። የሽቦውን ሥራ ግን ከፀሐይ አርቁት፤ ነጩ ፕላስቲክ ይወይባል፣ ቀዩም ይለቃል።